ሕግ አርቃቂው ጎረቤታችን
(ለአስተዳደርና ለፖሊሲ ተማሪዎች በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ማኅበሩ እንድንናገርበት ያዘዘን ርእስ «የአንድ ሕግ አውጪ የሥራ ዘመን፥ ለፖሊሲ ተማሪዎችም የሚሆን ምክር» የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ስለ የትኛው እንደራሴ ልትናገሩ ነው እያሉ የጠየቁን ብዙዎች ናቸው። ከፊሎቹ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፓርላማ ስማቸው የታወቀ ሰዎችን ጠሩልን፤ ከፊሎቹም ዛሬ በጨፌ ኦሮሚያ ወይም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካሉት አንዱን ጋብዛችሁ ብትጠይቁ ይሻላል አሉን። እኛ ግን ሩቅ ሳንሄድ ይህችን ከተማ የቆረቆሩትን ሰው መርጠናል። በጅሮንድ፥ ኋላም ፊታውራሪ፥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በምክር ቤት ወንበር ተቀምጠው እጅ አውጥተው ድምፅ የሰጡ እንደራሴ አይደሉም። ነገር ግን ወንበሩን የሠሩት እርሳቸው ናቸው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አርቅቀው፥ ሁለት ምክር ቤቶች እንዲቋቋሙ በወረቀት ያሰፈሩ እርሳቸው ናቸውና።

የመረጥናቸው ለሰፈራችን አድልተን ብቻ አይደለም፤ እርግጥ ጥቂት ሳናደላ አልቀረንም። ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሕጉን ከመጻፉ በፊት የሚያውቀው አንድ አገር አለው፤ ሕጉ ከወጣ በኋላም የሚኖርበት አንድ አገር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ አገሮች አይገናኙም። ለተክለ ሐዋርያት ግን ሁለቱም ጨርጨር ነበር። ሕገ መንግሥቱን ከመጻፋቸው በፊት በዚህ በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው አገር ገዙ፤ በሽምግልናቸው ደግሞ ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሂርና እያረሱ ኖሩ። የፖሊሲ ተማሪ እንዲህ ያለውን ምሳሌ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በቀላሉ አያገኝም።

ስለ ልጅነታቸው ረዘም አድርገን አንናገርም። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ፤ ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ ወደ ዓድዋ የዘመተውን ሠራዊት ተከትለው ሲሄዱ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሩስያ ተልከው የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ፤ ቀጥሎም በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። ከተመለሱ በኋላ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባለውን ተውኔት ጻፉ፤ ይኸውም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ነው። በአውሬዎች የተመሰለው ነገር አስተዳደሩን የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ ታገደ። እንግዲህ ሰውየው የመንግሥትን ጉድለት በመጀመሪያ የጻፉት በተውኔት ነበር፤ በሕግ አንቀጽ የጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። ከእናንተ መካከል ግጥምና ቧልት በመጻፋችሁ ለፖሊሲ ትምህርት የማትሆኑ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ።

በ1910ዎቹ ዓመታት የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። አዲሲቱን ከተማ ቆርቁረው በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ አሰኟት፤ የአገሩ ሰው ግን ጭሮ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬም ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። እዚህ ላይ ያን ጊዜ ጨርጨር ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ ያስፈልጋል። አገሩ በ1870ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ጦር ከተያዘ ወዲህ ለሹሙና ለወታደሩ ደመወዝ የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በሰው ነበር። ለአንዱ ይህን ያህል ገባር፥ ለሌላው ያን ያህል ገባር እየተባለ ይደለደላል። ገባሩም እህሉን ይሰፍራል፥ ማሩን ያገባል፥ እንጨት ይፈልጣል፥ አጥር ያጥራል፥ ጭነት ይሸከማል፤ ሚስቱም ለጌታው ቤት ትፈጫለች። ዳኛውም ከተከራካሪዎቹ ይበላል። ይህ ሁሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ መዝገብ አልነበረም፤ መጠኑ የሚታወቀው በተቀባዩ ፍላጎት ነበርና።

ጨርጨር የአርአያ አውራጃ እንዲሆን ሲታሰብ የተሞከረው ነገር ለዛሬ ጆሮ ተራ ይመስላል፤ ለሹማምንት ደመወዝ መስጠት፥ በየምክንያቱ ይጠየቅ የነበረውንም ልዩ ልዩ ግዴታ በታወቀና በተቆረጠ ግብር መተካት ነው። ከተክለ ሐዋርያት በኋላ ጨርጨርን የገዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ፤ እኒህ ሰው በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በህንድ አገር ያደጉና ሐኪም የሆኑ ናቸው። የነገሩ ምስጢር በደመወዙ ላይ ነው። ደመወዝ የሌለው ሹም እርሱ ራሱ ግብር ነው። በእጁ መልካም ሕግ ብትሰጡትም መብላት ስላለበት ሕጉን ይበላዋል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የጨርጨር ሙከራ ትልቁ ትምህርት «ሕዝቡ እንዳይበደል» የሚል ትእዛዝ መውጣቱ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከዚያም በፊት ይወጣ ነበርና። ትምህርቱ፥ በዳዩ የሚኖርበትን ሌላ እንጀራ አስቀድሞ ማዘጋጀት ማስፈለጉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ግብር በገንዘብ ተቆርጦ ይከፈል ሲባል ገበሬው ገንዘብ ከየት ያመጣል? ቡናውን ከሚሸጥበት ገበያ ነዋ። ጨርጨር ለዚህ የተመቸበት ምክንያት ከተራራው በታች ባቡር ማለፉ ነው። ሐዲዱ በ1890ዎቹ ድሬዳዋ ደርሶ፥ በ1909 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ሚኤሶ ጣቢያ ላይ የወረደ የቡና ጆንያ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ብሩም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህ ፖሊሲ ባቡር በማያልፍበት ሌላ አውራጃ በትእዛዝ ብቻ ቢገባ ኖሮ ገበሬውን ለአራጣ አበዳሪ አሳልፎ ይሰጠው ነበር። አንድ አውራጃ ያማረበትን ነገር ወደ ሌላው ከመገልበጣችን በፊት ከሥሩ ምን ሐዲድ እንዳለ መመልከት ይገባናል።

ጉድለቱንም እንናገር። የጨርጨር ሙከራ ከላይ የወረደ ነበር። ገባሩ ምን ያህል እንደሚከፍል ተወሰነለት እንጂ አልተጠየቀም። መሬቱም በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ አልተነካም። ይህን በልባችሁ ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ከጫኑ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ ታዘዙ። የልዩ ልዩ መንግሥታትን ሕግ ተመልክተው ይበልጡን የተከተሉት እ.ኤ.አ. በ1889 የታወጀውን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጃፓን ንጉሠ ነገሥቷን ሳትለቅ ሠራዊቷንና ፋብሪካዋን ያቆመች፥ ሩስያንም የረታች አገር ነበረች። የጃፓኑ 76 አንቀጽ ነበረው፤ የእኛው 55፤ ሁለቱም በ7 ምዕራፍ የተከፈሉ ናቸው። ረቂቁ ለምክር በቀረበ ጊዜ መሳፍንቱ ግዛታቸው በዘር እንዲጸናላቸው ይሹ ነበር፤ የንጉሡና የተማሩት ወገን አሳብ ግን አሸነፈ። በመጨረሻም ሥልጣኑ ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተጠቃለለ። ይህ ለመሳፍንቱ መራራ ነበር፤ ለሕዝቡ ግን ጌታውን ከመለወጥ ያለፈ ነገር አላመጣለትም የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ በአጭሩ አንፈርድም፤ ቢያንስ ሕግ ሳይመከርበት እንዳይጸና፥ ሰውም ያለ ሕግ እንዳይታሰር የሚል ቃል በጽሑፍ ገብቷልና። የተጻፈ ቃል፥ ባይፈጸም እንኳ፥ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበት ነገር ይሆናል።

የመጨረሻውን፥ ማለት 55ኛውን አንቀጽ ብዙ ሰው አያነበውም። እርሱ የሚናገረው ስለ ባጀት ነው፤ የመንግሥት ገቢ በየዓመቱ በሚመደበው ባጀት መሠረት ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ የሚያዝ ነው። እኛ ስናነበው የጨርጨር ገዥ የጻፈው አንቀጽ መሆኑን አልተጠራጠርንም። ደመወዝ ያልተመደበለት ሹም ምን እንደሚሆን ያየ ሰው የሕገ መንግሥቱን መዝጊያ በባጀት ቢያደርገው አያስገርምም። እንግዲህ የአዋጅ ረቂቅ በእጃችሁ ሲገባ ከመግቢያው አትጀምሩ። መግቢያው ሁልጊዜ ያምራል። መጨረሻውን ገልጣችሁ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፥ ማንስ እንደሚከፈለው ፈልጉ፤ ከሌለ ረቂቁ ገና ምኞት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በተፈረመበት ቀን ተክለ ሐዋርያት በመኳንንቱ ፊት ቆመው ሕገ መንግሥት ማለት ምን እንደሆነ ረጅም ንግግር አድርገው አስረዱ። አድማጮቻቸው አብዛኞቹ እንዲህ ያለውን ነገር ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁ፥ በጦርና በአደባባይ ያረጁ ሰዎች ነበሩ። ተናጋሪው የሩስያንና የፈረንሳይን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ በፈረንጅ ቃል ሊያደናግራቸው አልቻለም፤ ነገሩን በሚያውቁት በመንግሥትና በሕዝብ፥ በዳኝነትና በግብር ማስረዳት ነበረበት። የእኛ የፖሊሲ ተማሪዎች ሴሚናር ላይ ስንቀመጥ «ስትራቴጂ»፥ «ኢንዲኬተር»፥ «ስቴክሆልደር» የምንለውን ያህል ለአንድ የሂርና ገበሬ በኦሮምኛ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አናዘጋጅም። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም። በዚህ ዓመት መመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሁሉ አሳባችሁን አስቀድማችሁ በአንድ ገጽ፥ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፥ የእንግሊዝኛ ቃል ሳትጨምሩ ጻፉት። ካልተቻለ ጉድለቱ በቋንቋው ላይ ሳይሆን በአሳቡ ላይ ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች ደግሞ፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው፥ በመኳንንትና በአገር ሹማምንት ይመረጣሉ ተባለ። በጃፓን ምሳሌ ላይ እንኳ ይህ አልነበረም። በዚያ የታችኛው ምክር ቤት በምርጫ የሚቆም ነበር፤ መራጩ ግን በዓመት 15 የን ቀጥተኛ ግብር የሚከፍል ወንድ ብቻ ስለሆነ በመጀመሪያው ምርጫ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነበር የመረጠው። ጠባብ በር ነበር፤ ቢሆንም በር ነበር። በእኛ ግን በሩ ተሥሎ «ለጊዜው» የሚል መቀርቀሪያ ተደረገበት።

ይህ «ለጊዜው» ስንት ጊዜ ቆየ? የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የታወጀው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው፤ ሕዝብ እንደራሴውን በቀጥታ የመረጠው በ1949 ዓ.ም. ነው። ከ1923 እስከ 1949 ሲቆጠር 26 ዓመት ይሆናል። በመካከሉ የጠላት ወረራ አምስት ዓመት መውሰዱ እውነት ነው፤ ይህን ቀንሰን ብንቆጥር እንኳ ከ20 ዓመት አያንስም። የምርጫው ዕድሜ 21 ዓመት ነበርና ሕገ መንግሥቱ በታወጀበት ዓመት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ምርጫ ጊዜ ዕድሜው ከሚፈለገው አልፎ ነበር።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ደግሞ እዚሁ በደጃችን ያለው ነው። ከጭሮ ወደ ደቡብ፥ በበዴሳ በኩል ስንሄድ ኦዳ ቡልቱም አለ። በከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚጠራበት ስም ይኸው ነው። ኦዳ ቡልቱም የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ በገዳ ሥርዓት የሚሰበሰቡበት፥ ሕግ የሚመክሩበት፥ የቆየውን ሕግ የሚያድሱበት ስፍራ ነበር። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በስምንት ዓመት ይለወጣል፤ ባለሥልጣኑም ጊዜው ሲደርስ ይወርዳል። የክልሉ ምክር ቤት ዛሬ «ጨፌ» መባሉ ከዚሁ የመስክ ጉባኤ የመጣ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ለመምረጥ ገና አልቻለም የሚለው አንቀጽ ያለበት ረቂቅ የተጻፈው፥ መሪውን በደንብና በጊዜ የሚለውጥ ሕዝብ በሚኖርበት አውራጃ ገዥ በነበረ ሰው እጅ ነው። የአገሩ ጉባኤ በጦር ከተያዘ ወዲህ ተዳክሞ ነበር፤ ትዝታውና ደንቡ ግን በሽማግሌዎቹ አፍ ነበረ። አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን የጃፓንን ሕግ የመረመረ ዓይን፥ በበቅሎ ተሂዶ የሚደረስበትን ኦዳ አልመረመረም።

የገዳን ሥርዓት እንከን የሌለበት አድርገን ልንሥል አንፈልግም። ሴቶች በጉባኤው ወንበር አልነበራቸውም። በ1923ቱ ምክር ቤትም አልነበራቸውም። በ1949 ዓ.ም. ምርጫ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የገቡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በፓርላማችን የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ናቸው፤ ኋላም የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኅቶቻችን ይህን ስም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል ብለን እናምናለን። ነጥባችን ግን ይህ ነው፤ «ሕዝቡ ገና አልበሰለም» የሚል ቃል በማንኛውም ረቂቅ ላይ ስታዩ የሚበስልበት ቀን ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ። መለኪያው ምንድን ነው? የሚለካው ማነው? ቀንና መለኪያ የሌለው «ለጊዜው» ጊዜያዊ አይደለም።

ከ1949 ዓ.ም. በኋላስ? ምርጫው በየአራት ዓመቱ ተደረገ፤ እስከ 1965 ዓ.ም. አምስት ጊዜ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመመረጥ የሚቀርበው ሰው በምርጫ ክልሉ 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር። የሐብሮ ወይም የዶባ ጭሰኛ ያን ጊዜ 1000 ብር የሚያወጣ መሬት ከየት ያመጣል? መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ አይችልም። ደግሞም ነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበርና በመረጠው ሰው የወጣውን ሕግ በራሱ ቋንቋ ሊያነበው አይችልም።

የዚህ ውጤት በመሬት ነገር ላይ ታየ። ቅድም በጨርጨር ያልተነካ ያልነው ጥያቄ ብዙ ዓመት አድሮ ወደ ፓርላማ መጣ። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት ቀረበ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ቀረበ፤ አልጸደቀም። የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ሕጉ ግን አልመጣም። እንደራሴዎቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው ማለት ቀላል ነው። እኛ እንዲህ አንልም። ብዙዎቹ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ የተከራከሩ ቅን ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ለወንበሩ መግቢያ የተጠየቀው ንብረት መሬት ሆኖ ሳለ፥ በወንበሩ የተቀመጠው ሰው መሬቱን የሚቀንስ ሕግ ያጸድቃል ብሎ መጠበቅ ደመወዝ የሌለው ሹም አይበላም ብሎ እንደ መጠበቅ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የተሰለፉት ይህ ረቂቅ በደጅ ቆሞ ሳለ ነው። በመጨረሻም ጥያቄውን የመለሰው ምክር ቤት አልነበረም። ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወረደ፤ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 በየካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት በወታደራዊ መንግሥት ታወጀ፤ ማንም እንደራሴ አልመከረበትም። እንደራሴዎች በጊዜው ያልቆረጡትን ነገር ሌላ ሰው ሳያማክራቸው ይቆርጠዋል። ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ መሬቱን ለማን እንደሚሰጥ፥ እህሉን በስንት እንደሚሸጥ ግን ዳግመኛ ከላይ ተወሰነለት።

ወደ ተክለ ሐዋርያት እንመለስ። ከገንዘብ ሚኒስትርነት በኋላ በአውሮፓ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ1935 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላት ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ይውጡ ወይስ ይቆዩ ተብሎ በተመከረ ጊዜ መውጣታቸውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ አገር ውስጥ ሆኖ መዋጋት ይገባል አሉ። ድምፃቸው ተሸነፈ። በዚያ ጉባኤ ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለታሪክ ተማሪዎች እንተወዋለን፤ እነርሱም እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። እኛን የሚመለከተን ግን የሰውየው አቋም ነው። ሥልጣንን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚያጠቃልል ሕግ የጻፈ ሰው፥ በቁርጥ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት «አይሆንም» አለ። እንዲህ ብሎ የሚናገርበትን መብት የሚጠብቅ አንቀጽ ግን እርሱ ራሱ በጻፈው ሕግ ውስጥ እምብዛም አልነበረም። ረቂቅ ስትጽፉ ወንበሩን ለወዳጃችሁ ብቻ አትሥሩት፤ ነገ እናንተ ራሳችሁ በተቃውሞ የምትቆሙበት ቀን ይመጣልና ለዚያን ቀን ሰውም ቦታ ተዉ።

ከዚያ በኋላ ረጅም ስደት መጣ፤ ብዙውን ዘመን በማዳጋስካር አሳለፉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ ወደ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ አልተጠጉም፤ በሂርና ተቀምጠው በፈረንሳይ አገር የተማሩትን እርሻ ሠሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ሚኒስትርና ደራሲ ነበሩ። በ«አርአያ» ልብ ወለዳቸው ውስጥ በፈረንሳይ እርሻ ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለሰውን ወጣት ያነበበ ሰው አባትየውን ሳያስታውስ አይቀርም። ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ሲሻሻል፥ የተሻሻለው ሲሻር፥ የሣሉት ምክር ቤት ሲዘጋ፥ የመሬቱም ሥሪት ሲገለበጥ አዩ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ትተውልን ነበርና ከሞታቸው ብዙ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ሌሎች ሕግ አውጪዎቻችን እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ የእኛ ሥራ ምንኛ ይቀል ነበር! ብዙዎቹ ለምን አንድን ረቂቅ እንደ ደገፉ ወይም እንደ ጣሉ አንዲት ገጽ ሳይጽፉልን አልፈዋል።

ዛሬስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎች የራሳቸው ሕግ አውጪ ምክር ቤት አላቸው፤ መሬትንም የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት የሚያስተዳድሩት እነርሱ ናቸው። ለፌዴራሉ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው የመራጩን አመኔታ ካጣ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ 54ኛው አንቀጽ ያዛል። ለመመረጥ 1000 ብር የሚያወጣ መሬት የሚጠይቅ የለም። በሩ ሰፍቷል። እንግዲህ ከተመረቃችሁ በኋላ አብዛኞቻችሁ የምትቀመጡት በዚህ በር አጠገብ ነው፤ በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤት፥ ረቂቅ በሚዘጋጅበት፥ መመሪያ በሚተረጎምበት፥ ሪፖርት በሚጻፍበት ጠረጴዛ። ከእናንተ መካከል ጥቂቶች ምናልባት የምክር ቤት አባል ትሆኑ ይሆናል፤ ሌላው ግን ለአባሉ የሚያነበውን ወረቀት ያዘጋጃል። ተክለ ሐዋርያትም ያዘጋጁ ነበሩ እንጂ ድምፅ ሰጪ አልነበሩም፤ የወረቀቱ አዘጋጅ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ተረዱ። «እኔ ባለሙያ ብቻ ነኝ፥ የወሰኑት እነርሱ ናቸው» የሚለው መልስ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል በረቂቁ ውስጥ ላስገባ ሰው አያገለግልም።

ንግግሩ ከወሬ እንዳያልፍ እንዳይሆን የማኅበሩ ኮሚቴ ያሰበውን እንንገራችሁ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፥ ወደ ገለምሶም ሆነ ወደ ሂርና፥ ወደ መቻራም ሆነ ወደ አሰቦት፥ እያንዳንዳችሁ አንድ ሕግ ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ በክልሉ በ1999 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130፥ ከእርሱም በኋላ የመጣውን ለውጥ። ሦስት ቤት ግቡ፤ ቡና ጠጡ፤ በአገሩ ቋንቋ ጠይቁ። የይዞታ ማረጋገጫው ደብተር ላይ የማን ስም አለ? የሚስትየዋስ? ደብተሩን ለማውጣት ስንት ቀን ፈጀ፥ ስንትስ ወጣ፥ ለማን? ጫት ወይም ቡና የጫነ ሰው ከገበያው እስከ ትልቁ መንገድ ስንት ኬላ ያልፋል፥ በየኬላውስ የሚጠየቀው በየትኛው ደንብ ነው? የወረዳው ምክር ቤት መጨረሻ የተሰበሰበው መቼ ነው፥ የመንደሩ እንደራሴስ ስሙ ማነው? መልሱን በተሰጣችሁ ቃል ጻፉ፤ አታሳምሩት። የተናገረውን ሰው ስም አትጻፉ።

የምታመጡት ወረቀት በሚቀጥለው እትም እንዲታተም ሰም ወረቀቱንና ቀለሙን ኮሚቴው ያዘጋጃል። የተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ማንበብ የምትፈልጉ በጸሐፊው ዘንድ ተራ ያዙ፤ አንድ ሰው ከአሥር ቀን በላይ አይያዘው። አሁን መምህራኖቻችን በተለይ ስለ 1923ቱ ረቂቅና ስለ ኦዳ ቡልቱም በተናገርነው ላይ የሚያርሙት ወይም የሚቃወሙት ነገር ካለ መድረኩን ለእነርሱ እንለቃለን።